ግንድ ይዞ የሚዞር ወንዝ ምን እየሠራ ነው?

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።»

ይህን አባባል ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ክፍል ውስጥ ሰምተነዋል። የግድቡ ቦንድ ሲሸጥ ሰምተነዋል። ሬዲዮ ላይ ሰምተነዋል። ሁሌም የሚነገረው በቁጭት ነው። ወንዙ ቤት የለውም፣ ያገኘውን ተሸክሞ ለባዕድ ይወስዳል፣ እኛ ዳር ቆመን እናያለን። አባባሉ ያምራል፤ አልክድም። ግን ስለ ወንዝ ያለንን አንድ ትልቅ ስሕተት ጠቅልሎ የያዘም ይመስለኛል። ወንዝ ማደሪያ እንደሌለው ማን ነገረን? ግንዱንስ ምን ሊያደርግለት ነው ይዞ የሚዞረው?

ነገሩን ማሰብ የጀመርኩት ጉማራ ድልድይ አጠገብ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ወረታ ከመግባታችሁ በፊት የምታገኙት ወንዝ ነው። ነሐሴ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ማኪያቶ መስሏል። ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ሲቆም፣ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ሁለት ዓሣ አንጠልጥሎ በመስኮቴ በኩል መጣ። በስንጥባቸው ልጥ አሳልፎ ነው ያሰራቸው።

«ጋሼ፣ ነጭ ዓሣ! አሁን የወጣ ነው፤ ይንቀሳቀሳል እኮ!»

እውነቱን ነው። አንደኛው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሁለተኛዋ ሆድ ግን አላማረኝም። ተነፍቷል።

«ይቺ ምን ሆና ነው?»

«እንቁላል ናት ጋሼ። አሁን ሁሉም እንደዚህ ናቸው።»

«ከየት ነው የምታወጧቸው?»

በአገጩ ወደ ወንዙ ጠቆመኝ። «ከዚችው። ማታ መረቡን ዳር እስከ ዳር መወጠር ነው። ጠዋት መልቀም!»

ደስ ብሎት ነው የሚነግረኝ። ምን ያድርግ? ደብተር የሚገዛበት ወር ደርሷል። ገዛሁት። አዎ፣ ገዛሁት። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

የዚያች ዓሣ ነገር ከድልድዩ ራቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። ጣና ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ቢበዛ 14። ትልቅ ትሪ በሉት። ከወንዝ የሚያገኘው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከአራት ወንዞች ነው፤ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ። ከሐይቁ የሚወጣው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዓባይ። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ጢስ ዓባይ ላይ ይወድቃል፤ 40 ሜትር ገደማ። ያንን ፏፏቴ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ የለም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ታች ናይል ካሉት ዘመዶቻቸው ተቆርጠው፣ ለሺዎች ዓመታት ብቻቸውን ኖሩ። ብቻውን የኖረ ቤተሰብ የራሱን ጠባይ ያወጣል። እነሱም አወጡ።

ባሕር ዳር ሆቴል ገብታችሁ «ዓሣ» ስትሉ ከሦስት አንዱ ይቀርብላችኋል። ቆሮሶ፣ አምባዛ ወይም ነጭ ዓሣ። ሳይንሱ ነጭ ዓሣን ላቢዮባርበስ ይለዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ ከጣና የተለያዩ ዝርያዎችን መዝግቦ ሄዶ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1973 ኪት ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ «የለም፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው፤ መልካቸው ስለሚለያይ ነው» ብሎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሐይቁ ላይ ቁጭ ብለው ሲያጠኑ ግን ሌላ ነገር አገኙ። አንዱ አፉ ወደ ታች ነው፤ ጭቃ ይፈልጣል። አንዱ ቀጭን ነው፤ ውሃ መሃል እየፈጠነ ያድናል። አንዱ ወፍራም ከንፈር አለው፤ ድንጋይ ለድንጋይ ይስማል። በመጨረሻ 15 ዝርያ ሆነው ተመዘገቡ።

ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ይሄ ለባለሙያ የሚገርም ነገር ነው። ምክንያቱም የዚህ ዘር ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጨጓራም የላቸውም። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ለአዳኝነት የተፈጠሩ አይደሉም። ጣና ውስጥ ግን ቦታው ባዶ ነበርና ያዙት።

እንዲህ ያለ ስብስብ በዓለም ላይ አንድ ሌላ ነበር፤ ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ላናኦ የሚባል ሐይቅ። «ነበር» ማለቴን ልብ በሉ። እዚያ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 17 የዓሣ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ታወጀ። ከውጭ የገባ ዓሣና ልክ ያጣ ማስገር ጨረሳቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሳይበተን የቀረው ጣና ላይ ነው። እና እኔ አንዷን ከነእንቁላሏ በልጥ አንጠልጥዬ ወደ ጎንደር እየሄድኩ ነበር።

እነዚህ የሐይቅ ዓሦች ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ከ15ቱ ቢያንስ 7ቱ ሐይቅ ውስጥ አይወልዱም። ሐምሌ ሲገባ ከየአቅጣጫው መጥተው ወንዞቹ ሐይቁን የሚገናኙበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ውሃው ሲሞላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲመሻሽ፣ ሽቅብ ይነሳሉ። ትልቁ ወንዝ ደፍርሷል፤ እዚያ አይቆዩም። ወደ ትንንሾቹ ገባር ወንዞች ይታጠፋሉ። የሚፈልጉት ቦታ በጣም የተለየ ነው። ውሃው ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቶሎ የሚጠራ መሆን አለበት። ሥሩ ጠጠር መሆን አለበት። ጭቃ አይሆንም። አለት አይሆንም። ጠጠር!

ለምን ጠጠር? እንቁላል ይተነፍሳል። በጠጠርና በጠጠር መሃል ባለው ቀዳዳ ውሃ ያልፋል፤ ውሃው ኦክስጅን ይዞ ይገባል። እንቁላሉ እዚያ ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ ጎርፉ አይወስደውም፣ ሌላ ዓሣ አይለቅመውም። በጥቂት ቀን ይፈለፈላል። ያን ቀዳዳ ደለል ከደፈነው ግን አለቀ። እንቁላሉ ይታፈናል። ላይ ጉና ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ ማሳ እርከን ስለሌለው የሚፈስሰው አፈር፣ ታች ሄዶ ዓሣ አፍኖ ይገድላል። ገበሬው ዓሣውን አይቶት አያውቅም። ዓሣውም ገበሬውን።

አሁን ወደ ግንዱ።

ጉማራም ርብም የሚነሱት ከጉና ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚደርስ ተራራ። እላይ ጅረቱ ጠባብ ነው። ዳሩ ላይ ዛፍ ከቀረለት ጥላ ይለብሳል። ፀሐይ በደንብ ስለማይደርሰው ውሃው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብዙ አይበቅልም። ታዲያ እዚያ ያሉት ፍጥረታት ምን በልተው ይኖራሉ? ከላይ የሚወድቅላቸውን። ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ፍሬ፣ አንዳንዴም ሙሉ ግንድ።

ቅጠሉ እንደወደቀ አይበላም። መጀመሪያ ሻጋታና ባክቴሪያ ይሰፍሩበታል፤ ያለሰልሱታል። ድርቆሽ አስቡ። ድርቆሽ ለብቻው የሚቆረጥም ሰው ጥቂት ነው። ወጥ ሲገባበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሻጋታው የቅጠሉ ወጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሸርጣኑና ትላትሉ ይደርሳሉ። ይቦጫጭቁታል። ፍርፋሪው በውሃው ይወርዳል። ታች ደግሞ ፍርፋሪ ለቃሚ አለ። ከዚያ በታች መረብ ዘርግቶ ደቃቁን የሚያጠልል አለ። እነሱን ዓሣ ይበላል፣ ዓሣውን ወፍ፣ ወፉን... ገባችሁ። እላይ የወደቀ አንድ ቅጠል ብዙ ቤት አብልቶ ነው ታች የሚደርሰው። ወንዙ ሰፋ ሲል ፀሐይ ታገኘዋለች። ያኔ ድንጋዩ ላይ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር ይመጣል፤ እሱን የሚግጡም አብረው ይመጣሉ።

ግንዱ ደግሞ ከምግብም በላይ ነው። ውሃ መሃል የተጋደመ ግንድ የውሃውን ጉልበት ይሰብራል። ከሥሩ ውሃው ቆፍሮ ጥልቅ ቦታ ይሠራል። ከኋላው ቅጠል ይከማቻል። የደከመ ዓሣ እዚያ ያርፋል፤ ጫጩቱ እዚያ ይደበቃል። በጋ ሲመጣና ወንዙ ሲሳሳ፣ ውሃ የሚቀረው እንዲህ ባለ ኩሬ ውስጥ ነው። እንግዲህ አስቡት። ማደሪያ የለውም ያልነው ወንዝ፣ ይዞት የሚዞረው ማደሪያውን ነበር።

ባለፈው ኅዳር ውሃው ሲጠራ ወደ አንዱ የጉማራ ገባር ወረድኩ። ጫማዬን አወለቅኩና ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ አንስቼ ገለበጥኩ። ይህን ነገር ሁሉም ሰው አንድ ቀን ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ድንጋዩ ሥር ከተማ አለ። ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጭራ ያላት፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ቴምብር የተለጠፈች ነፍሳት አየሁ። ይቺ ወራት ውሃ ውስጥ ኖራ፣ ክንፍ አውጥታ ስትበር ዕድሜዋ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ነው። አጠገቧ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቱቦ አለች። ቱቦዋ የተሠራችው ከአሸዋ ቅንጣት ነው። በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት ጥቁር ራስ ብቅ አለ፤ ተመልሶ ገባ። ትል ናት። ከአፏ በምታወጣው ሐር ቅንጣቱን አንድ በአንድ እየሰፋች ቤት ሠርታለች። ሸማኔም ግንበኛም ናት በአንድ ላይ።

እነዚህ ነፍሳት ሌላም ጥቅም አላቸው። የወንዝን ጤና በነሱ ማንበብ ይቻላል። ኦክስጅን ሲያንስ፣ መርዝ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚሁ ባለ ሦስት ጭራዎቹ ናቸው። ፍሳሽ በበዛበት ውሃ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ቀያይ ትሎች ናቸው፤ ትንሿን ኦክስጅን አጠራቅመው መያዝ ስለሚችሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን ወንዞች የምታውቁ ሰዎች ድንጋይ መገልበጥ አያስፈልጋችሁም፤ አፍንጫችሁ ይበቃል። በ2011 የተጀመረው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ለመለወጥ የታሰበ ነው። ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ፤ ደስ ይለናል። ግን በጎንና ጎኑ ግንብ የተሠራለት፣ ሣር የተነጠፈለት ወንዝ ያማረ ወንዝ እንጂ የዳነ ወንዝ ላይሆን ይችላል። ግንብ ላይ ቅጠል አያድርም። የዚህ ልማት ሪፖርት ውስጥ ስንት ወንበር፣ ስንት አምፖል ተብሎ እንደሚቆጠረው፣ ድንጋዩ ሥር ምን ተመለሰ የሚል አንድ መስመር ቢገባ ምን ነበረበት?

ጎርፍም እንደዚሁ ስሙ የጠፋ ነገር ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ በክረምት ይተኛል። ሰው ይፈናቀላል፣ ከብት ይሞታል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ግን ሜዳው ፎገራ የሆነውም በዚያው ጎርፍ ነው። የዛሬው ሩዝ የሚበቅለው ውሃው እየወጣ ሲያስተኛው በኖረው አፈር ላይ ነው። አምባዛም ውሃው ሜዳ ላይ ሲወጣ ተከትሎ ይወጣል፤ ሣር መሃል ይወልዳል። ውሃው ሲሸሽ ይመለሳል። ጉማሬም በዚህ መሃል የራሱን ሥራ ይሠራል። ሌሊት የብስ ላይ ሣር ይግጣል፤ ቀን ውሃ ውስጥ ገብቶ ያራግፈዋል። አስተናጋጅ ነው፤ የሜዳውን ሣር ለወንዙ ያቀርባል።

ወንዝ ተሸክሞ የሚሄደው ነገር «የባከነ» እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን ግብፅ ላይ የሆነው ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ውሃ መያዝ ጀመረ። ከዚያ በፊት በየዓመቱ የክረምቱ ሙላት ከኛ ደጋ የጠረገውን አፈር ይዞ ሜዲትራንያን ይገባ ነበር። ባሕሩ ያን ጊዜ በደቃቅ ዕፅዋት ይሸፈናል፤ ሰርዲን እሱን ለመብላት ወደ ዴልታው ይጎርፋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ግብፆች 18,000 ቶን ገደማ ሰርዲን አጥምደዋል። ግድቡ ሙላቱን ከያዘው በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ጥቂት መቶ ቶን ወረደ። ሰርዲኑ ይበላ የነበረው በተዘዋዋሪ የጎጃምንና የጎንደርን አፈር ነበር ማለት ነው። በኋላ ዓሣው መለስ ብሏል። ያመጣው ግን ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ነው ይላሉ ያጠኑት። ወንዙ በነጻ ያደርገው የነበረውን ሌላ ነገር ተካው፤ ያውም ቆሻሻ።

እዚህ ላይ የሚቆጣ ሰው እንዳለ ይሰማኛል። ግድብ አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ጳጉሜን 2017 ታላቁ ግድብ ሲመረቅ እኔም እንደማንም ሰው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» አልን። የምለው ሌላ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብላችሁ ብትጠይቁ የሰፈሬ ባለሱቅ ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋትም ቢሆን ያልሰማው የለም። የዚሁ ወንዝ ራስ ላይ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ የትም የሌሉ 15 ዓሦች እንዳሉ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ወንዝን በሜትር ኩብ ብቻ የቆጠረ ሰው ቧንቧ ነው ያየው። ቧንቧ ውስጥ ደግሞ ምን ይኖራል? ምንም።

ቧንቧ አድርገን ስላየነው የሆነውን ልንገራችሁ። ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የገባው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው የደንገል ታንኳ ነበር፤ በአብዛኛው የሐይቁ ዳር ነዋሪ የሆኑት የወይጦዎች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባሉት አሥር ዓመታት ገደማ ውስጥ የነጭ ዓሣው ብዛት በክብደት ሲለካ 75 በመቶ ወረደ። የትንንሾቹ መቀነስ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት ሐይቁ መሃል ወደሚጣለው መረብ አይደለም። ወንዞቹ አፍ ላይ፣ ለመውለድ ሲሰበሰቡ ወደሚወጠረው ነው። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመውለድ ዓመታት ይፈልጋል። አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ወቅት፣ እርጉዞቹን ብቻ እየለቀምክ ምን ዓይነት መንጋ ይተርፍሃል? ከብት አርቢ የሆነ ሰው ይህን ሊያስረዱት አያስፈልግም።

መረቡ ላይ ሌላው ተጨመረ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ኩሬ ውስጥ መበተን የቆየ ነገር ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አደንዝዞ ያወጣል። የባሰብኝ ግን ሲኖው ነው። የባሕር ዳርና የአካባቢው ከተሞች ቤት ይሠራሉ፤ ቤት አሸዋና ጠጠር ይፈልጋል። ወጣቶች ተደራጅተው ወንዝ ውስጥ ገብተው በአካፋ ይጭናሉ። ሲኖትራኩ ሞልቶ ይወጣል። ያ ጠጠር የዓሣው አልጋ ነው። ለሺህ ዓመት ውሃ ሲያጥበውና ሲለየው የኖረ አልጋ፣ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ኮንክሪት ሊሆን ይሄዳል። በነዚያ ልጆች አልፈርድም። ሥራ ነው፤ እነሱም ባለ ደብተር ልጆች አሏቸው። እፈርድ የነበረው ጠጠሩ ከየት እንደሚነሳ ሳይጠይቅ ፈቃድ በሚጽፈው ሰው ላይ ነው።

የበጋው ፓምፕም አለ። ሽንኩርትና ቲማቲም ገበሬውን ከድህነት ያወጣ ነገር ነው፤ ማንም ሞተሩን አጥፋ ሊለው አይችልም። ግን አንዳንድ ገባር ላይ ሞተር በሞተር ላይ ተደርድሮ የካቲት ላይ ወንዙ ጨርሶ ይቆማል። ኩሬው ውስጥ የቀሩት ጫጩቶች አብረው ይቆማሉ። ርብ ላይ ደግሞ ግድብ ተሠርቷል። ግድብ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ጠጠርም ወደ ታች እንዳይወርድ። ቀጣዩ ሲታቀድ ይህ ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ጥሩ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።

እምቦጭ ሲመጣ ሁላችንም ሮጠን ሄደን ነቀልን። ፎቶ ተነሳን። ጥሩ ነው። እምቦጭ ግን የሚታይ ጠላት ስለሆነ ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ ፊታችን ላይ ተንሳፈፈ። የጠጠር ማለቅ አይታይም። ሌሊት የተወጠረ መረብ አይታይም።

ምን ይደረግ? እኔ እንደሚመስለኝ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ለዚህም ነው የሚያናድደኝ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ወንዞቹ አፍ ላይና ወንዞቹ ውስጥ መረብ አይጣል። በቃ። ሐይቁ ክፍት ይሁን፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ይጠመድ። ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክልሉም የራሱ አለው። ጣና ራሱ ከሰኔ 2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። የጎደለው ነሐሴ ማታ ድልድዩ ላይ የሚቆም ሰው ነው። የሚቆመው ሰው ደግሞ ከዚያው ሰፈር ቢሆን፣ ለነዚያ ሁለት ወር ተኩል ደመወዝ ቢከፈለው፣ ምናልባት የዚያ ልጅ አባት ቢሆን ይሻላል። አሸዋም ይነሳ፤ ግን ከትልቁ ወንዝ ዳር ከተከመረው፣ ዓሣ ከሚወልድባቸው ገባሮች ግን አይሁን። የትኞቹ እንደሆኑ ይታወቃሉ፤ ዓሣ አስጋሪዎቹን መጠየቅ ይበቃል።

እና ገዢው። ነጭ ዓሣ ያንን ነሐሴ የገዛሁት ፍልሰታ ላይ ነበር። ጾም ነው፤ የዓሣ ገበያ ይደራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው፤ እኔ በልቼ የተገኘሁ ሰው ነኝ። ግን ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው። በትክክል ዓሣው ሽቅብ በሚወጣበት ሰሞን። አንዱ ቄስ ቅዳሴ ሲወጣ ምእመኑን «በዚህ ጾም የወንዝ ዓሣ ይቅርባችሁ፣ እርጉዝ ናት» ቢሉ፣ ከአዋጁ በላይ የሚሰማ ይመስለኛል። እርጉዝ እንስሳ ማረድ ነውር የሆነበት አገር ነው። ዓሣዋን ከነውሩ ውስጥ የሚያስገባት ሰው ነው የጠፋው።

ኅዳር ያንን ድንጋይ ገልብጬ ስመልስ ከኋላዬ ሞተር ሲጮህ ሰማሁ። አንድ ገበሬ ከግንድ ሥር ካለች ኩሬ ውስጥ ቱቦ ከትቶ ሽንኩርት ያጠጣል።

«ምን ጠፍቶህ ነው ወንድም ዓለም? ወርቅ ነው እንዴ?»

«ትል እያየሁ ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። ልክ ነው።

ሞተሩ ድንገት ማጓራት ጀመረ። አጠፋውና ቱቦውን ጎተተ። ጫፉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አስሮበታል። «ይሄ ቅጠል አስቸገረኝ፤ በየሰዓቱ ይዘጋብኛል» አለ። ከረጢቱን ፈትቶ ዳር ላይ አራገፈው። የረጠበ ጥቁር ቅጠል ወጣ። ቅጠሉ መሃል ክብሪት እንጨት የሚያካክሉ፣ ብር የመሰሉ ነገሮች ዘለሉ። አምስት ስድስት ይሆናሉ። ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«ይቺ እንኳን ለወጥ አትሆን» አለ። በሁለት እጁ ከነቅጠላቸው አፈሰና ኩሬዋ ውስጥ መለሳቸው። ከረጢቱን እንደገና አሰረ። ገመዱን ጠበቅ አደረገና ሞተሩን አስነሳ።